ሁለተኛው አባያ

አጎቴ ዓሣ አስጋሪ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እየተከተልኩት አባያ ዳር እወርዳለሁ። መረብ ሲጠግን ክሩን እይዝለታለሁ። የተያዘውን ቆሮሶ ከመረቡ አላቅቃለሁ። ታንኳዋ ደረቅ ስትነካ ከእሱ ጋር እጎትታለሁ። አንድ ነገር ብቻ አይፈቀድልኝም ነበር፤ ውሃው ውስጥ መግባት። «በዓይንህ ግባ፣ በእግርህ አትግባ» ይለኛል።

ነገሩ የአዞ ነው። እንግዳ ሰው አዞ ለማየት የሚሄደው ጫሞ ቢሆንም አባያም አዞ አያጣም። ያውም ውሃው ድፍርስ ነው። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ አፈሩን እየጠረገ ያመጣና ቀላ ያለ ቡናማ ያደርገዋል። አባያንና ጫሞን የሚለየው፣ የእግዜር ድልድይ የሚባለው ጉብታ አጠገብ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆመህ ብታይ ሁለቱ ሐይቆች ጎን ለጎን ይታዩሃል። ጫሞ ሰማያዊ፣ አባያ የሸክላ መልክ። እንደዚያ የደፈረሰ ውሃ ውስጥ ምን እንዳለ ከላይ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። እኔ ግን ማወቅ እፈልግ ነበር። ዳር ላይ ተቀምጬ ከሥር ያለውን በሐሳቤ ስሠራ እውላለሁ። እኔ በሠራሁት አባያ ታች ላይ መንገድ ነበር። ዛፍ ነበር። የሰመጡ ታንኳዎች በየዛፉ ሥር ታስረው ነበር።

ብዙ ዓመት አለፈ። አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ አልጋ ላይ ተጋድሜ ስልኬን እነካካለሁ። የታይታንን ካርታ ከፍቼ ነበር። ታይታን የሳተርን ትልቋ ጨረቃ ናት። በሰሜን ዋልታዋ አካባቢ ጥቋቁር ነጠብጣብ የመሰሉ ሐይቆች ተበታትነዋል። ስማቸውን ለማንበብ በሁለት ጣቴ አሰፋሁት። አንዱ ላይ «አባያ» ይላል።

ተነስቼ ቁጭ አልኩ። ደግሜ አነበብኩት። አልተሳሳትኩም። አባያ ላኩስ። ላኩስ በላቲን ሐይቅ ማለት ነው። ስሙ የመጣው ከየት እንደሆነ ስፈልግ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ካለው ሐይቅ ይላል። የኛው ነው። ርዝመቱ 65 ኪሎ ሜትር ነው ይላል። የኛው አባያም ርዝመቱ ከዚያ ብዙም አይርቅም።

የሰማይ አካላትን ስም የሚያጸድቀው ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ነው። ለታይታን ሐይቆች የወጣው ደንብ ቀላል ነው። ትላልቆቹ ባሕሮች ከተረት የባሕር ፍጡራን ስም ይወስዳሉ፤ ክራከን፣ ሊጂያ፣ ፑንጋ እየተባሉ። ትናንሾቹ ሐይቆች ግን ምድር ላይ ያለ ሐይቅ ስም ይሰጣቸዋል፤ ቢቻል ቅርጹ የሚመስል። ይህ ለምን ልቤን እንደነካው ልንገራችሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቪቶሪዮ ቦቴጎ የሚባል ጣሊያናዊ አሳሽ እኛ አገር መጥቶ፣ አባያን በንግሥቱ ስም «ማርጌሪታ» ብሎት ነበር። በአንዳንድ የድሮ ካርታ ላይ እስከ ዛሬ እንደዚያ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ዳሩ ላይ እየኖረ፣ እያጠመደ፣ እየጠጣ ያደገው ሰው ሐይቁ ስም እንዳለው አልተጠየቀም። አሁን ግን ከአንድ ቢሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ሌላ ዓለም ላይ፣ ስሙ በትክክል ተጽፏል። አባያ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ሕፃን ሆኜ ዳር ላይ የጀመርኩት ሥራ እንደገና ተቀሰቀሰብኝ። ከሥር ምን አለ? ቢገባበትስ?

ቀድሞ ነገር፣ እዚያ ያለው ውሃ አይደለም። ታይታን ላይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 179 ዲግሪ ነው። በዚያ ብርድ ውሃ ድንጋይ ነው። ፈሳሹ ሚቴንና ኢቴን ነው። ሚቴን ማለት ከከብት እበት የምናወጣው የባዮጋዝ ዋና ክፍል ነው። እኛ ዘንድ በቱቦ ሄዶ ምድጃ ላይ የሚነደው፣ እዚያ በደመና ይቋጠራል፣ ይዘንባል፣ በወንዝ ይወርዳል፣ ሐይቅ ይሠራል። ከምድር ሌላ በገጹ ላይ የተኛ ሐይቅና ባሕር ያለው የምናውቀው ቦታ ይህ ብቻ ነው። «ታዲያ አይነድም?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ። አይነድም። ለመንደድ ኦክስጅን ያስፈልጋል፣ አየሩ ደግሞ ከሞላ ጎደል ናይትሮጅን ነው። እዚያ ጠልቆ የሚዋኝ ሰው ቢኖር፣ በዙሪያው ያለው ኦክስጅን ጀርባው ላይ የተሸከመው ብቻ ይሆናል።

ይህን ሁሉ የነገረችን ካሲኒ የምትባል መንኮራኩር ናት። በ1997 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተነሳች፣ በ2004 ሳተርን ደረሰች፣ 13 ዓመት ዙሪያውን ስትዞር ኖራ በ2017 ሳተርን ውስጥ ገብታ አበቃች። የታይታን ሰማይ በብርቱካናማ ጭጋግ የተሸፈነ ስለሆነ በተራ ካሜራ ገጹን ማየት ከባድ ነው። ካሲኒ በራዳር ነው ያየችው። ሐይቁ ልሙጥ ስለሆነ ራዳሩን ወደ ሌላ ያንጸባርቀዋል፣ ስለዚህ ሥዕሉ ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። አባያን የሚያሳየኝ ያ ጥቁር ነጠብጣብም እንደዚሁ ነው።

ካሲኒ አንድ ልጅ ይዛ ነበር የሄደችው፤ ሁይገንስ። ታይታንን በ1655 ባገኘው በክርስቲያን ሁይገንስ የተሰየመች ናት። ታይታን ላይ ያረፈችበትን ቀን ወደኛ አቆጣጠር ስመልሰው ጥር 6 ቀን 1997 ዓ.ም. ሆነ። ከጥምቀት አምስት ቀን በፊት። በጃንጥላ ተንጠልጥላ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ወረደች። አርፋ የላከችውን ፎቶ ብዙ ጊዜ አይቸዋለሁ። ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ የተበታተኑ ክብ ክብ ጠጠሮች። ወንዝ ዳር የምናገኛቸውን ነው የሚመስሉት። ልዩነቱ፣ ጠጠሮቹ በአብዛኛው የውሃ በረዶ ናቸው። ፈሳሹ ሚቴን አንከባሎ አንከባሎ አለሳልሷቸዋል። ነገሩ እዚያ ተገላብጧል። እኛ ዘንድ ውሃው ድንጋይ ያንከባልላል። እዚያ ውሃው ራሱ ድንጋዩ ነው።

አሁን ልግባ።

ጠልቄ የማውቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዓመታት በፊት ጅቡቲ ሄጄ፣ ሙሻ ደሴት አጠገብ፣ አስተማሪ እጄን ይዞ 8 ሜትር አወረደኝ። ከዚያ ቀን የማልረሳው ጆሮዬን ነው። ሁለት ሜትር እንኳ ሳልወርድ ይጫነኝ ጀመር። አፍንጫዬን ይዤ ስነፋ «ጧ» ብሎ ይከፈታል፣ ደግሞ ትንሽ ስወርድ ይጫናል። ሁለተኛው ነገር የትንፋሼ ድምፅ ነው። ስስብ እንደ ወናፍ፣ ሳወጣ እንደሚፈላ ድስት። አረፋው ፊቴን እየዳሰሰ ወደ ላይ ይሄዳል። ቀና ብዬ ሳይ የባሕሩ ገጽ ከላይ እንደ ብር ያብረቀርቃል። ሕፃን ሆኜ ስሠራው የነበረው «ከሥር» ማለት ይሄ ነው ብዬ አለቀስኩ። መነጽር ውስጥ ማልቀስ ይቻላል።

ታይታን ላይ ልብሱ ከዚህ ይለያል፣ ግን ሰዎች እንደሚያስቡት አይደለም። የጠፈርተኛ ልብስ የሚነፋው ውጭ አየር ስለሌለ ነው። ታይታን አየር አላት፤ ገጿ ላይ ያለው ግፊት ከምድር የባሕር ጠለል ግፊት አንድ ተኩል ያህል ነው። ስለዚህ ደሜ አይፈላም፣ ሰውነቴ አያብጥም። የሚያስፈልገኝ ሙቀትና ኦክስጅን ነው። በጣም ወፍራም፣ በጣም ሞቃት ልብስ። ከባድ ይሆናል ብላችሁ አትስጉ። የታይታን ስበት ከምድር አንድ ሰባተኛ ነው። እኔና ልብሴ እዚህ 100 ኪሎ ብንመዝን እዚያ 14 ኪሎ ያህል ነን። ዳር ላይ ቆሜ ትንሽ ብዘል ራሴን አየር ላይ አገኘዋለሁ፣ ቀስ ብዬም አርፋለሁ።

ብርሃኑ ደንገዝገዝ ያለ ነው። ፀሐይ ሩቅ ናት፣ ጭጋጉም ይከልላታል። ገጹ ላይ የሚደርሰው ብርሃን ከኛ የቀትር ብርሃን አንድ ሺህኛ ገደማ ነው። ጨለማ ግን አይደለም። ከሙሉ ጨረቃ ሌሊት በብዙ መቶ እጥፍ ይበራል። ፀሐይ ጠልቃ፣ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ቤት የሚጠሩበትን ሰዓት አስቡ። ሁልጊዜ ያ ሰዓት ነው፣ ከብርቱካናማ ቀለም ጋር። ሳተርን ከነቀለበቷ ሰማዩን ሞልታ ትታያለች ብላችሁ ከሆነ፣ አትታይም። ጭጋጉ አያሳይም። በዚህ መጀመሪያ አዝኜ ነበር። በኋላ ግን ወደድኩት። ሰማዩ ሲዘጋ ዓይን ወደ ሐይቁ ይመለሳል።

ሐይቁ እጅግ ጸጥ ያለ ነው። ካሲኒ ሊጂያ ባሕርን ስትለካ ገጿ መስታወት መስሎ ነው ያገኘችው፤ ማዕበሉ በሚሊ ሜትር የሚለካ። አባያ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳበት ታንኳ እንደሚገለብጥ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ሐይቅ ሲያይ ምን ይላል? እኔ እግሬን ከማስገባቴ በፊት ትንሽ የምቆም ይመስለኛል። ዝናብም ቢመጣ እቆማለሁ። የታይታን ጠብታ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ሊተልቅ ይችላል፣ የሚወርደው ግን ሰው በእግሩ በሚሄድበት ፍጥነት ነው። እጄን ዘርግቼ፣ መርጬ፣ ጠብታዋን መቀበል እችላለሁ።

ከዚያ እገባለሁ። በመጀመሪያ የማየው መንሳፈፍ እንደሌለ ነው። ሚቴን ቀላል ነው። የሰው ሰውነት ከውሃ ጋር ስለሚመጣጠን ነው ባሕር ላይ የምንንሳፈፈው፤ እዚህ ግን ፈሳሹ የውሃን ግማሽ ያህል ብቻ ይከብዳል። የውሃ በረዶ እንኳ ይሰምጥበታል። እኔም እሰምጣለሁ። ደግነቱ ስበቱ ትንሽ ነው። የሚጎትተኝ ክብደት እዚህ ምድር ላይ 7 ኪሎ ድንጋይ እንደመያዝ ነው። እጅና እግሬን ዘርግቼ ብለቀው 100 ሜትር ለመውረድ ሁለት ሦስት ደቂቃ ያህል ይፈጅብኛል። እንደ ቅጠል።

ጆሮዬ አያመኝም። ይሄ ነው ከሁሉ ያስገረመኝ። ምድር ላይ 10 ሜትር በወረድን ቁጥር አንድ የከባቢ አየር ያህል ግፊት ይጨመርብናል። ታይታን ላይ ፈሳሹም ቀላል፣ ስበቱም ትንሽ ስለሆነ ያን ያህል ለመጨመር 150 ሜትር ገደማ መውረድ አለብህ። ማታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ደብተር ዘርግቼ አሰላሁት። በዚያው ሰሜናዊ አካባቢ ካሉት ትናንሽ ሐይቆች አንዳንዶቹ ከ100 ሜትር በላይ እንደሚጠልቁ ካሲኒ በመጨረሻው ጉብኝቷ ለክታለች። ስለዚህ 100 ሜትር ብዬ ያዝኩ። የአየሩን ግፊት ደመርኩ። የምድር ከባቢ አየር ግፊት 2.1 እጥፍ መጣ። ከዚያ ለኛው አባያ አሰላሁ። አባያ ከባሕር ጠለል ከ1,100 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል አየሩ ትንሽ ሳሳ ያለ ነው። ያንን ይዤ 13 ሜትር ብወርድስ? 2.1። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ቁጥሮቹን ሳይ ቆየሁ። በታይታኑ አባያ 100 ሜትር ወርጄ ደረቴ ላይ የሚያርፈው ግፊት፣ ሰባትና ስምንት ዓመቴ ሳለ ዳሩ ላይ ተቀምጬ በናፈቅኩት ውሃ ውስጥ 13 ሜትር ብወርድ ከሚያርፍብኝ ጋር አንድ ነው። ስሌቱ ግምት ነው፣ የፈሳሹ ቅልቅል ሲለያይ ትንሽ ይለዋወጣል። ግን ለኔ በቂ ነው።

አረፋም አለ፣ ከትንፋሼ ግን አይደለም። በትንፋሼ ውስጥ ያለው እርጥበት ወጣ ከማለቱ ድንጋይ ስለሚሆን፣ ትንፋሼ እዚያው ልብሴ ውስጥ እየተጣራ መዞር አለበት። አረፋው የሚመጣው ከሙቀቴ ነው። ፈሳሹ ሚቴን ናይትሮጅን ሟሙቶበታል፣ ልክ የታሸገ ለስላሳ መጠጥ ጋዝ እንደሚይዘው። ትንሽ ሲሞቅ ናይትሮጅኑ ይወጣል። የናሳ ተመራማሪዎች ይህን ቤተ ሙከራ ውስጥ አሳይተውታል። ሊጂያ ባሕር ላይ በ2013 ድንገት ታይቶ የጠፋው ደሴት የመሰለ ነገርም ምናልባት እንዲህ ያለ አረፋ ነው የሚሉ አሉ። እንግዲህ ልብሴ የቱንም ያህል ቢወፍር ጥቂት ሙቀት ማምለጡ አይቀርም። ባመለጠበት ቦታ ሁሉ ጥቃቅን አረፋ ይቋጠራል። በክርኔ ላይ፣ በትከሻዬ፣ በጣቶቼ ጫፍ። በዚያ ሐይቅ ውስጥ የሰው ገላ ምልክቱ ይሄ ይሆናል። መሞቁ።

ሌሎች ጨረቃዎችም አሉ፣ እነሱ እውነተኛ ውሃ ያላቸው። የጁፒተሯ ዩሮፓ ከበረዶ ቅርፊቷ ሥር ያላት ውሃ ከምድር ውቅያኖሶች ሁሉ እጥፍ እንደሚሆን ይገመታል። ዩሮፓ ክሊፐር የተባለችው መንኮራኩር በ2024 ተነስታ ወደዚያው እየሄደች ነው፣ በ2030 ትደርሳለች። ኤንሴላደስ ደግሞ ዲያሜትሯ 500 ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነች የሳተርን ጨረቃ ናት። ከደቡብ ዋልታዋ ስንጥቆች የውሃ ትነትና የበረዶ ብናኝ ወደ ጠፈር ትረጫለች። ካሲኒ ከዚያ ርጭት በመጣ ትነትና ብናኝ ውስጥ ጨው፣ ሃይድሮጅን፣ ፎስፈረስ አግኝታለች። ሕይወት የሚፈለግ ከሆነ ብዙ ሳይንቲስቶች መጀመሪያ የሚጠሩት እነዚህን ነው፣ ትክክልም ናቸው። የኔ ልብ ግን አይሄድም። እነዚያ ባሕሮች ዳር የላቸውም። ጣሪያቸው በኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር በረዶ ነው። ከላይ የሚያይ የለም፣ ቆሞ የሚናፍቅበት ቦታ የለም። ሐይቅ ለኔ ዳር ያለው ነገር ነው። አንድ ሰው እግሩን ሊያስገባ፣ ላያስገባ የሚቆምበት።

ታይታን ላይ አሁን ወቅቱ እየዞረ ነው። የሳተርን አንድ ዓመት ከኛ 29 ዓመት ተኩል ገደማ ነው። በግንቦት 2025 እንደ አውሮፓውያኑ፣ ፀሐይ የሳተርንን ወገብ አልፋ ወደ ደቡብ ሄዳለች። ሰሜኑ መኸር ገብቷል፣ ቀጥሎ ዓመታት የሚቆይ ጨለማ ይመጣበታል። ናሳ ድራጎንፍላይ የምትባል በራሪ መሣሪያ በ2028 ለመላክ እያዘጋጀ ነው። በ2034 ታርፋለች ተብሎ ይጠበቃል። የምታርፈው ግን በምድር ወገቧ በኩል፣ በአሸዋ ክምሮቹ መካከል ነው። ወደ ሐይቆቹ አትሄድም። ያኔ ሐይቆቹ በጨለማው ወቅታቸው ላይ ናቸው፣ ምድርም ከአድማሳቸው በታች ናት። ስለዚህ አባያ ላኩስ ይጨልማል። ማንም ሳያየው፣ ምናልባት መስታወት እንደመሰለ።

ዘንድሮ ለጥምቀት አገር ቤት ገባሁ። አጎቴ አርጅቷል፣ ታንኳዋን አሁን ልጁ ነው የሚሠራባት። ማግስቱን ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ «ና እስቲ ትንሽ እናዝግም» አለኝና ወጣን። መቅዘፊያውን ራሱ ያዘ። እምቢ ብዬ ልቀበለው ስል ዓይኑን አፈጠጠብኝ።

«ጋሼ፣ ሌላ አባያ አለ» አልኩት።

«የት?»

«ሰማይ ላይ። በአንድ ሩቅ ጨረቃ።»

ጥቂት ቀዘፈ። «ስሙን ማን አወጣለት?»

ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ማርጌሪታ የሚለውን ስም ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ «ዓሣ አለው?» አለ።

«እስካሁን ያየ የለም።»

«ማን ገብቶ ያያል?»

«ማንም አልገባም።»

መቅዘፍ አቆመ። ከዳር ርቀን ነበር። ውሃው ጸጥ ብሏል። የታንኳዋን ግራና ቀኝ በዝግታ ቃኘ፣ እንደገና ቃኘ።

«በል እጅህን አስገባ» አለኝ።

እጅጌዬን ሰብስቤ ቀስ ብዬ አስገባሁ። ገጹ ለብ ያለ ነው፣ ዝቅ ሲል ይቀዘቅዛል። አንጓዬ ጋ ሲደርስ እጄ ጠፋ። እስከ ክርኔ ዘለቅሁ። አጎቴ መቅዘፊያውን በሁለት እጁ ይዞ ዓይኑን ከውሃው አልነቀለም። እኔ ከሥር ጣቶቼን አንቀሳቅሳለሁ፤ አይታዩኝም።